አባቴ አደግድጎ ነው የተናገረው

የሞተ ሰው ንግግር በልጅ አፍ ሲነገር የሚጠየቅበት ማን ነው? ሟቹ ነው? ልጁ ነው? ወይስ ከሟቹ ሰምታ ለልጁ ያቀበለችው አሮጊት? መልሱን አላውቀውም። ስሰግድ ይመጣብኛል፤ ምስር ስለቅምም ይመጣብኛል። ሼሁን ልጠይቅ እልና ደግሞ እፈራለሁ። በዚህ ዘመን ሰው ጥያቄውንም እንደ ስኳር በራሽን ነው የሚያወጣው።

ሟቹ አባቴ አብዱልጀሊል ነው። ልጁ የልጄ ልጅ ሷሊሕ ነው። አሮጊቷ እኔ ጦይባ ነኝ።

አባቴ ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ ሸማኔ ነበር። በእሱ ዘመን የእኛ የእስላሞቹ ሰው ይነግዳል፣ ይሸምናል፣ ግብር ይከፍላል፤ ርስት ግን የለውም። የተወለደበት ግቢ እንኳ የሌላ ሰው ነው። ጣሊያን በወጣ በአምስተኛው ዓመት አባቴ አርባ ሸማኔ አስከትሎ ገዢው ፊት ቆመና አቤት አለ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የበኩር ልጄን ኑርሁሴንን አዝዬ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይናገር ነበር፤ ዳባት ገበያ፣ ደባርቅ ገበያ። የተናገረውን እኔ እጽፍለታለሁ። በጣሊያን ጊዜ ሁለት ዓመት ፊደል ቆጥሬያለሁና ከሠፈሩ ሴት መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

ደብተሩ ዛሬ የለም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ኑርሁሴንን ከቤት ጠርተው የወሰዱት ቀን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ልጄ መምህር ነበር። አስከሬኑን አልሰጡንም፤ ለምን እንደገደሉትም አልነገሩን። እኔም አልጠየቅሁ። ያን ጊዜ ሰው ቤት የተገኘ ጽሑፍ ሁሉ ወንጀል ነበርና የአባቴን ቃል በገዛ እጄ አነደድሁት። ወረቀቱ ነደደ እንጂ ቃሉ አልነደደም፤ በልቤ ቀረ። አባቱን ላጣው ለሷሊሕ ደግሞ ሲያለቅስ ማባበያ እሱን ነገርሁት። ምነው ስለ ጦጣና ስለ ዝንጀሮ ብነግረው! ምነው አፌን በቆረጠው!

ሷሊሕ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ግባ ያልሁት እኔ ነኝ። ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር መጥቶ የሠፈሩን ጎረምሳ እየለቀመ ሲሄድ፣ የሚዘፍንና የሚተውን ይቀራል ሲሉ ሰማሁ። በቃ፣ ይዝፈን አልሁ። የሚዘፍን አይሞትም መስሎኝ።

ባለፈው ክረምት፣ አብዮቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሽር ጉድ ሲባል፣ የኪነቱ ኃላፊ ጓድ እንኳየሁ ቤታችን መጣ። የፀዳ ልጅ ነው፤ ከአዘዞ ማዶ፣ እናቱን ሳይቀር አውቃታለሁ። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌ ላይ ቆመ።

«እናታችን፣ አባትዎ አብዱልጀሊል ጭቁን ነበሩ» አለኝ።

«ሸማኔ ነበር» አልሁት።

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ሸማኔ ሙያ ነው።»

ሳቀ። «ሷሊሕ ንግግራቸውን በቃሉ ወጣልኝ። ይህማ ዕንቁ ነው! ፊውዳሉን ፊት ለፊት የተጋፈጠ ጎንደሬ! በበዓሉ ሷሊሕ እሳቸውን ሆኖ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ደግሞ ገጠሩን እናዳርሰዋለን።»

የሷሊሕ እናት ሸምሲያ ሆስፒታል ረዳት ነርስ ናት፤ ከሥራ ገብታ ገና ነጭ ካፖርቷን አላወለቀችም። ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እማማ፣ እምቢ በሉት» አለች በሹክሹክታ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አፉ ውስጥ ያላስገባውን ስም ያ ሰውዬ «አብዱልጀሊል» ብሎ ሲጠራው ደረቴ ሞላ፤ ኩራት አሳወረኝ። እንዲያውም ሻይ አፈላሁለት። ሻይ! ለእሱ!

ከሳምንት በኋላ ንግግሩ በታይፕ ተመትቶ መጣ። ሷሊሕ አነበበልኝ፤ እኔ ደሜ ፈላ። አባቴ ለገዢው ያለው እንዲህ ነበር፦ «ሸማውን የሸመንን እኛ፤ ለብሳችሁት የምትፈርዱብን እናንተ።» የታይፑ ግን «ሸማውን የሸመነው ሰፊው ሕዝብ፤ ለብሶት የፈረደው አድኃሪው ፊውዳል» ይላል። አባቴ «አላህ ያነጠፈውን መሬት ሰው በምን ሥልጣን ጠቀለለው?» ብሏል። የታይፑ አላህን አውጥቶ ተፈጥሮን አስገብቷል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ይላል።

«አባቴ ኢምፔሪያሊዝምን የት ያውቀዋል!» ብዬ ጮኽሁ። «ሩቅ ከተባለ የሚያውቀው ደባርቅን ነው!»

ሷሊሕ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ የአባቱ ሳቅ ነው፤ ስሰማው ቁጣዬ ይበርድብኛል። «እምዬ፣ እንግዲህ ደባርቅ ይውደም ልበልልሽ?»

«ዝም በል፣ ግድግዳው ጆሮ አለው።»

አንድ ነገር ብቻ ሳይነኩት ቀርተዋል። «በአገሩ እየኖረ እንግዳ የሚባል ሰው ጓዙን የት ያራግፍ?» የሚለውን። ምን እንደሚያክል አልገባቸውም።

በነሐሴ በጭነት ማኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ። እስከ ዛሪማ ሊወርዱ ነበር፤ መንገዱ አይታመንም ተባሉና ከደባርቅ ተመለሱ። እነዚያን ስድስት ቀን እንዴት እንዳሳለፍኋቸው እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሷሊሕ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ገባ። መደብ ላይ ዘፍ አለ።

«እምዬ፣ ሳቁብኝ።»

«ማን?»

«ገበሬው። ዳባትም ሳቁ፤ ደባርቅማ ባሰ። መሀል ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ‹ምነው ይህ ልጅ፣ ሚስት ሊጠይቅ ነው የመጣ?› አሉ። ገበያው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ደግሞ ‹አባትህ የት ሄደው ነው አንተ የምትለማመጥ?› አለችኝ። ቅድመ አያቴ እዚያው ገበያ ላይ ሲናገሩ ሰው ያለቅስ ነበር ብለሽኝ የለ?»

«እስቲ እንዴት እንደቆምህ አሳየኝ» አልሁት።

ተነሣ። ኩታውን ከትከሻው አወረደና ወገቡ ላይ ጠምጥሞ አሰረ። ጀርባውን ጎበጥ፣ እጁን እፊቱ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። በዚያ ሁኔታ ሆኖ «ሸማውን የሸመነው...» ሲል ከተቀመጥሁበት እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ማን ነው እንዲህ ቁም ያለህ?»

«ጓድ እንኳየሁ። ጭቆናው እንዲታይ ነው ይላል።»

«የት አባቱ ያየውን! አባቴ እንዲህ ሆኖ አልተናገረም! ገበሬው እውነቱን ነው። ተቆጥቶ አደግድጎ የሚናገር ሰው የት ታየ?»

ከዚያ ያሳየሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ። ኩታውን ከወገቡ ፈትቼ አስተማርሁት። ያን ጊዜ ገዢ ፊት የሚቀርብ ሰው ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። ሳይታጠቅ የቆመ እኩያህ ነኝ ማለቱ ነው። አባቴም ታጥቆ ገባ፤ እጅ ነሣ። «በአገሩ እየኖረ እንግዳ የሚባል ሰው ጓዙን የት ያራግፍ?» ያለ ጊዜ ግን ቋጠሮውን ፈታው። አልቸኮለም። አንዱን ጫፍ በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጎ ልክ እንደ ገዢው ትከሻው ላይ አጣፋው፤ የቀረውን ቃል ሁሉ እንደዚያ ቆሞ ተናገረ። አርባው ሸማኔ አንድ ላይ ሲተነፍስ ሰምቻለሁ፤ ያዘልሁት ልጄ እንኳ ልቅሶውን አቁሟል።

«የተገረፈውም ለቃሉ አይደለም» አልሁት ለሷሊሕ። «ለቃሉማ ገዢው ሊስቅ ነበር። ሠላሳውን ጅራፍ ያስገረፈው ኩታው ነው። ‹በገዢ ፊት ኩታ አጣፍቶ ስለተገኘ› ይላል ፍርዱ። የጻፉት ያኔ የችሎት ጸሐፊ የነበሩት አያ ዋኘው ናቸው፤ ይኸው ግድግዳ ለግድግዳ ይኖራሉ፣ ጠይቃቸው።»

ሷሊሕ ኩታውን እየፈታ እያጣፋ፣ እየፈታ እያጣፋ ሲለማመድ ሸምሲያ ገባች። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«እማማ! ምን እያሳዩት ነው?»

«ቅድመ አያቴ እንዴት እንደቆሙ ነዋ» አለ እሱ።

«አንተስ እንደዚያ ብትቆም?»

«አይቆምም» አልሁ እኔ፣ ፈጠን ብዬ። «ለማወቅ ያህል ነው። መድረክ ላይ የታዘዝኸውን ነው የምታደርግ። እሺ ሷሊሕ?»

«እሺ እምዬ።»

አላመንሁትም። ያላመንሁትን ልጅ ይዤ ዝም አልሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በመስከረም፣ በበዓሉ ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ በጣሊያን ዘመን ሲኒማ ቤት በነበረው አዳራሽ ሰበሰቡን። ያልመጣ ሰው ስሙ ይያዛል ስለተባለ ያልመጣ አልነበረም። የፊተኛው ረድፍ ላይ ከሩቅ የመጡ ባለሥልጣኖች ተቀምጠዋል። እኔ መሀል ላይ ከአያ ዋኘው አጠገብ ነበርሁ። የድሮ ልማድ ከሰው አይለቅ፤ ሹም ስላለ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደዋል። ማንም አላዘዛቸውም እኮ!

ሷሊሕ ወጣ። አደግድጓል፤ ጎብጧል። እንኳየሁ ከመጋረጃው ጎን ሆኖ አፉን ከሷሊሕ አፍ ጋር ያንቀሳቅሳል። ልቤ ትንሽ ረጋ። በታይፕ የተጻፈውን አንድም ሳያጎድል፣ አንድም ሳይጨምር ይላል።

«በአገሩ እየኖረ...» አለና ቆመ።

እጁ ወደ ቋጠሮው ሄደ።

«ያ ረቢ፣ እባክህ» አልሁ። አያ ዋኘው ዞረው አዩኝ።

ፈታው። ግራውን፣ ቀኙን። ጀርባው ቀና አለ። ወላሂ፣ አባቴ ነው። «...እንግዳ የሚባል ሰው ጓዙን የት ያራግፍ?» ሲል ዓይኑ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ከዚያ ጨርቅ ሲንሿሿ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው አወጡ። ከጎናቸው ያሉት አወጡ። ረድፉ አወጣ። አያ ዋኘውም የራሳቸውን አወጡ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። ሷሊሕ ያን በታይፕ የተጻፈ «አድኃሪው ፊውዳል» እንኳ ሳይቀር እንዳለ ተናገረው፤ ግን እንደዚያ ለብሶ፣ እነዚያን እያየ ሲናገረው ፊውዳሉ ማን እንደሆነ ሕፃን ይረዳዋል።

በዚያች ቅጽበት አለመኩራቴን ብነግራችሁ ውሸት ነው። ኮራሁ። ከዚያ የፊተኛውን ረድፍ አየሁ።

ከእንግዶቹ አንዱ ዞር ዞር እያለ ሽማግሌዎቹን ያያል። «ምን ሆኑ?» ሲል በከንፈሩ አነበብሁት። የሌላ አገር ሰው ነው፤ አልገባውም ነበር። ሳይገባው ሊሄድ ይችል ነበር! ከመጋረጃው ጎን ወርዶ፣ በጆሮው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ እያደረገ ትከሻው ላይ እያደረገ ያስረዳው እንኳየሁ ነው። የፀዳው ልጅ። እናቱን የማውቃት። ልማዱን ባያውቅ ኖሮ ምንም ባልሆነ፤ አውቆ፣ ተርጉሞ፣ ልጄን አሳልፎ ሰጠው። ባዕድ የገደለው ሰው ስንት ነው፣ ያገር ልጅ ያስረዳበት ስንት ነው!

ሷሊሕን ቀበሌ አሰሩት። ምሳ ሳደርስ ዘበኛው እያገላበጠ ይፈትሻል፤ ልጁን ግን አያሳየኝም። በሦስተኛው ቀን አያ ዋኘው ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ።

«እቴ ጦይባ፣ እሑድ ሸንጎ ይቀርባል። አንቺንም ይጠሩሻል» አሉኝ።

«እኔን ምን ሊሉኝ?»

«ልጁ ‹ቅድመ አያቴ የቆሙት እንዲህ ነው› ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ቢመቱትም አልለወጠም። እንግዲህ አንቺ አዎ ካልሽ፣ ትርጉሙን እያወቀ ባለሥልጣን ላይ አድርጎታል ማለት ነው፤ ከቀበሌ እጅ ወጥቶ ወደ ላይ ያልፋል። ወደ ላይ ያለፈ ደግሞ...» ኑርሁሴንን ያውቁት ነበርና አልጨረሱትም። «አይ ካልሽ ግን ቋጠሮ ነው የተፈታ። ጨርቅ ነው ጥፋተኛው።»

«አንቱስ ምን ይላሉ? ፍርዱን የጻፉት አንቱ አይደሉ?»

መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ። «እኔማ አርጅቻለሁ። ምን አስታውሳለሁ?»

«የገዛ እጅዎ የጻፈውን!»

«ብዙ ጽፌያለሁ እቴ። የጻፍሁትን ሁሉ ባስታውስ እስከ ዛሬ አልኖርም ነበር።»

እሑድ ጧት የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። የበዓሉ ቀን ኩታቸውን ያወጡት ሽማግሌዎች በሙሉ አሉ፤ ዛሬ ሁሉም ትከሻቸው ባዶ ነው። ሷሊሕን አመጡት። ጉንጩ አብጧል፤ ሲያየኝ ግን ፈገግ አለ። አትፍሪ ነው የሚለኝ። እኔን! ሸምሲያ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች።

ሊቀመንበሩ ጠየቁ፤ «ጓዲት ጦይባ፣ አባትሽ በገዢው ፊት ሲናገሩ ኩታቸውን ፈትተው አጣፍተዋል ወይስ አላጣፉም?»

ሷሊሕ አንገቱን ወደ እኔ ሰገግ አደረገ። አዎ ስል ሊሰማ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሞት የሚናገሩት ነገር ይመስለዋል።

«አላጣፋም» አልሁ። «አባቴ አደግድጎ ነው የተናገረው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

ሰው ተንጫጫ። የሷሊሕ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ታዲያ ልጁ ከየት አመጣው?»

«ከየትም። ኩታው አዲስ ነው፤ ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ቋጠሮ አይዝም። መሀል ላይ ሲፈታበት ደነገጠና ትከሻው ላይ ጣለው። ኋላ ስትጠይቁት ደግሞ፣ ጎረምሳ አይደለም? መቀነቱን ማሰር ያቃተው ከምባል ጀግና ልባል ብሎ ነው።»

ሳቁ። ሊቀመንበሩም ሳቁ። ሕዝቡ ሁሉ በልጄ ልጅ ላይ ሲስቅ እሰይ አልሁ፤ የሚሳቅበትን ሰው አይገድሉትማ።

«እምዬ!» አለ ሷሊሕ። አንድ ጊዜ ብቻ።

እንኳየሁ ብድግ አለ። «ሽማግሌዎቹስ ለምን ኩታቸውን አጣፉ?»

አያ ዋኘው ተነሡ። «በረደን፣ ጓድ።»

«በረዳችሁ?»

«የመስከረም ብርድ ክፉ ነው። መስኮቱም የተሰበረ ነው።»

«ልክ ነው፣ ብርድ ነበር» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እኔ እስከ ዛሬ ያስለኛል» አሉ ሌላው፤ ሳሉም። ጎንደር ሙሉ በአንድ ከሰዓት በረደው። እልል ያለችው ሴት ደግሞ ጥርሷን አሟት ነበር ተባለ።

አበቃ ብዬ ልቀመጥ ስል ያ እንኳየሁ ወደ እኔ ዞረ። ያገር ልጅ ስለሆነ የት እንደሚወጋ ያውቃል።

«እሺ። አደግድገው ከተናገሩ ሠላሳ ጅራፍ ለምን ተገረፉ? መገረፋቸውን ጎንደር ሁሉ ያውቃል።»

ይህን አላሰብሁትም። ሁሉም አዩኝ። ሸምሲያ ክንዴን የያዘችበት ጥፍር ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

ሸማኔ የሚሰደብበት አንድ የቆየ ስድብ አለ። ፈትል የሰጠችው ሴት ሁሉ ስታጉረመርም የምትለው። አባቴ ያን ስድብ ከራሱና ከሠፈሩ ላይ ለማንሣት፣ የተቀበለውን ፈትል በሰው ፊት መዝኖ ተቀብሎ በሰው ፊት መዝኖ የሚመልስ ሰው ነበር። የምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው ያ ስድብ ነው። ሌላ አልመጣም። ሌላ የሚታመን ውሸት አልነበረኝም።

«ማግ ሰርቆ ነው» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«የሰው ማግ ሰርቆ ነው የተገረፈ። አፍሬ ነው እንጂ ለልጆቹ ያን እንዴት ልንገራቸው? ጀግና ነበር እያልሁ አሳደግኋቸው።»

ያመኑት ወዲያው ነው። ስለ ኩታው ስናገር የተጠራጠሩኝ ሰዎች፣ ሸማኔ ሰረቀ ስል አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። «እንዲያ ነው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሊቀመንበሩ አያ ዋኘውን አዩ። «ፍርዱን የጻፉት እርስዎ ነዎት ይባላል። እውነት ነው?»

አያ ዋኘው ሽቅብ ጣሪያውን አዩ። «እውነት ነው። ማግ ነው» አሉ።

የሷሊሕን ፊት አላየሁም። ለማየት ድፍረት አልነበረኝም።

ተመካክረው ፍርዱን አነበቡ። ልጁ በቸልተኝነት ሂስ ይውሰድ፤ ከኪነት ቡድኑ ይሰናበት። የአብዱልጀሊል ንግግርም ከፕሮግራሙ ይሰረዝ፤ ሌባ የሰፊው ሕዝብ አርአያ ሊሆን አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ያነበበው እንኳየሁ ነው፤ ደስ እያለው።

ቤት ስንገባ ቀትር ነበር። ሸምሲያ ልጇን ቁጭ አድርጋ ከሆስፒታል ባመጣችው መድኃኒት ጉንጩን ጠረገችለት። ወጥ አቀረበች። አልነካውም። ግድግዳውን ያያል።

«ብላ» አልሁት።

ዝም።

«ብላ እንጂ! ምነው ዝም አልህ? አደባባይ ላይማ አፍ ነበረህ!» ቁጣው ከየት እንደመጣብኝ እንጃ። ከነሐሴ ጀምሮ ሲጠራቀም የከረመው ሁሉ በእሱ ላይ ወጣ። «መድረክ ላይ አታድርግ አላልሁህም? እሺ አላልኸኝም? ሰው ሲያጨበጭብልህ ሞቀህ አይደል? ጭብጨባው ነገ መቃብርህን አይቆፍርልህም! አባቴ ቢሞት እንኳ አርባ ሰው ከኋላው ነበረ። አንተ ከኋላህ ማን ነበረ? ብርድ የመታቸው ሽማግሌዎች!»

«እማማ፣ ይብቃ» አለች ሸምሲያ።

«አይበቃም! አባትህን ስንት ቀን ይዘውት ነበር፣ ታውቃለህ? አራት ቀን። አራት ቀን የእስር ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ልጄ ንጹሕ ነው፣ ልጄ እውነተኛ ነው እያልሁ እውነት ስናገር ሰነበትሁ። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር! ምን አደረገልኝ? ያን ጊዜ ሌባ ነው፣ ሰካራም ነው፣ ዕብድ ነው ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሎ በተናደደብኝ። እንደ አንተ! ይናደድብኝ ነበር እኮ!»

ሸምሲያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባቴ ሞቷል» አልሁት። «የሞተ ሰው ስም ቢጎድፍ ምን ይሆናል? አይርበው፣ አይመታ። እኔ በቂያማ ቀን እጠየቅበታለሁ፤ አንተ አትጠየቅበትም። ስደበኝ። እሺ፣ ስደበኝ! ውሸታም በለኝ። ፈሪ በለኝ። አንድ ነገር በል!»

ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ያዝ አደረገ፤ የሚናገር መሰለኝና ጆሮዬን ሰጠሁት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሆነ ነገር እየመዘነ ነው የሚያየኝ፤ ልክ የጻፉትን አላስታውስም ያሉኝን አያ ዋኘውን እኔ በረንዳው ላይ እንዳየኋቸው።

ተነሣ። ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣና ሳይቸኩል አጠለቀ፤ ክሩን አሰረ። ሸምሲያ «ወዴት ነው? ሷሊሕ፣ ወዴት ነው?» እያለች እጁን ስትይዘው አላስለቀቃትም፤ እስክትለቀው ድረስ ቆመላት። ከዚያ ግንባሯን ሳማት። እኔ የተቀመጥሁበትን አልፎ፣ ቀሚሴን እንኳ ሳይነካ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።